አሥር ወር ከመጽሐፍ ቅዱስ አፕ ጋር፦ ቆጣሪውን ለምን አጠፋሁት

ሊነጋጋ ሲል ስልኬ ነዘረ። "ሰንሰለትህ ተቋርጧል። 0 ቀን። ዛሬ እንደ አዲስ ጀምር!" ይላል፣ ከጎኑ የተበጠሰች ሰንሰለት ተስላበታለች። እስከዚያች ሌሊት ድረስ 143 ቀን ሳላቋርጥ አንብቤ ነበር።

መልእክቱ ሲመጣ ሆስፒታል ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። አልጋው ላይ የተኙት በቤተ ክርስቲያናችን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አባት ናቸው። ልጆቻቸው ሩቅ ስለሆኑ በተራ እናድርላቸው ነበር፣ ያን ቀን ተራው የኔ ነው። የሚገርመው ደግሞ ሌሊቱን ሳነብ ነው ያደርኩት። በዚሁ አፕ። "እስቲ ያቺን የተራራዋን አንብብልኝ" ይሉኛል፣ መዝሙር 121ን ማለታቸው ነው፣ ስምንት ቁጥር ብቻ ናት። አነባለሁ፣ ትንሽ ያሸልባሉ፣ ይነቃሉ፣ "ድገማት" ይሉኛል። አራቴ ይሁን አምስቴ አንብቤላቸዋለሁ። አፑ ግን የሚቆጥረው የዕለቱን የንባብ ፕላን ብቻ ነው፣ የዚያን ቀን ፕላኔ ደግሞ ዘኍልቍ ላይ ነበር። ስለዚህ በአፑ ሒሳብ ያን ሌሊት መጽሐፍ ቅዱስ አልነካሁም።

ይሄን ግምገማ ለመጻፍ ያሰብኩት ያኔ ነው። ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። በንዴቴ ሰዓት ባለመጻፌ ግን ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም አፑ እውነትም ጠቅሞኛል፣ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ስሙን አልጠራም። ከሞከርኳቸው ውስጥ ሁለት ሦስቱ አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው፣ እናንተም ጋ ያለው ከዚህ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም።

ከሁሉ በፊት ድምፁን ላመስግን። ሳህን ሳጥብ፣ ልብስ ሳጥፍ፣ መንገድ ስሄድ እሰማዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ኅሊናዬ ይቆረቁረኝ ነበር፣ መስማት እንደ ማንበብ ይቆጠራል እንዴ እያልኩ። ኋላ ሳስበው ለብዙ ዘመን አብዛኛው ክርስቲያን ቃሉን ያወቀው በጆሮው ነው። ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች በጻፈው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ፣ ይሄ እናንተ ጋ ከተነበበ በኋላ ሎዶቅያ ላይም ይነበብ ይላል። ራእይም ገና በሦስተኛው ቁጥር የሚያነበውን አንዱንና የሚሰሙትን ብዙዎች ነው ብፁዓን የሚለው። በሁለተኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሮም የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ስለ እሑድ ስብሰባቸው ሲጽፍ፣ የሐዋርያት ማስታወሻ ወይም የነቢያት ጽሑፍ ጊዜ እስከፈቀደ ድረስ ይነበባል ይላል። ከዚያ ጸሎት፣ ከዚያ ማዕድ፣ ላልመጡት ደግሞ ድርሻቸው በዲያቆናት እጅ ይላክላቸዋል። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሙሉው ንባብ ከ70 ሰዓት በላይ ይፈጃል። የማርቆስን ወንጌል ግን በአንድ ቁጭታ መጨረስ ይቻላል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሞክሩት። እኔ ማርቆስን ለዓመታት አሥር አሥር ቁጥር እየቆነጠርኩ ሳነብ ያላየሁትን አየሁ፣ ሰውዬው "ወዲያው፣ ወዲያው" እያለ እየሮጠ ይተርክና መስቀሉ ጋ ሲደርስ ሰዓት እየቆጠረ ይራመዳል። ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት። ይሄ በጆሮ ነው የገባኝ።

የድምፁ ጉድለት ሙዚቃው ነው። ማን እንደመከራቸው አላውቅም፣ ከንባቡ ሥር የቫዮሊን ዜማ አስገብተውበታል፣ ማጥፊያ የለውም። ዘኍልቍ 7ን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ 89 ቁጥር ነው፣ አሥራ ሁለት አለቆች በተራ እየመጡ አንድ ዓይነት ስጦታ ያቀርባሉ፣ 130 ሰቅል የሚመዝን የብር ሳሕን፣ እንደገና 130 ሰቅል የሚመዝን የብር ሳሕን። አሥራ ሁለት ጊዜ። ቫዮሊኑ በያንዳንዱ ሳሕን ላይ ሲያለቅስ ብቻዬን ኩሽና ውስጥ ሳቅኩኝ። (በነገራችን ላይ ያ ምዕራፍ አሁን ይጣፍጠኛል። ስጦታቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ "ሌሎቹም እንዲሁ አደረጉ" ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፣ ግን የአሥራ ሁለቱም ስም ከነስጦታቸው ተጽፏል።)

ፍለጋው ያበሳጫል። "ፀሎት" ብዬ ስጽፍ ምንም የለም ይለኛል። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ጸሎት የለም! "ጸሎት" ብላችሁ በሌላኛው ጸ ስትጽፉ ይጎርፋል። ምህረትና ምሕረትም እንደዚያው፣ ሀይልና ኃይልም እንደዚያው። ፊደሎቻችን ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው የተለያየ መሆኑን አፑን የሠራው ሰው ያሰበበት አይመስለኝም። የጥናት መሪ ሆኜ ሰው ፊት ቆሜ ጥቅስ ስፈልግ አንዴ እንደዚህ ቀልጬ ቀርቻለሁ። መፍትሔዬ ቃሉን በተለያየ ፊደል ሁለት ሦስቴ መሞከር ነው። "ፍቅር" ብቻ ነው በአንድ ሙከራ የሚገኘው።

መዝሙር ላይም አንድ ማሳሰቢያ። ትርጉም ስትቀያይሩ ቁጥሩ በአንድ ሊዛነፍ ይችላል፣ "እረኛዬ ነው" የሚለው በአንዱ 23 በሌላው 22 ነው። ጥንታዊው የግሪክ ትርጉም 9ኛውንና 10ኛውን መዝሙር አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር ነው። አፑ ይሄን የትም ቦታ አያስረዳም፣ ህብረት ላይ ግማሹ ሰው አንዱን ግማሹ ሌላውን ይገልጥና መተያየት ይጀመራል።

ማንም የማያወራለት ግን እኔ አምስት ኮከብ የምሰጠው አንድ ነገር አለ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የምዕራፍና የቁጥር ምልክቶችን መደበቅ ትችላላችሁ። ጳውሎስ ቁጥር አልጻፈም። ዛሬ የምንጠቀምበት የምዕራፍ አከፋፈል በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ስቲቨን ላንግተን ከተባለ እንግሊዛዊ ሊቀ ጳጳስ የመጣ ነው፣ የአዲስ ኪዳኑን ቁጥር ደግሞ ሮበርት ኤትየን የተባለ ፈረንሳዊ አታሚ በ1551 ባሳተመው እትም ላይ ያስገባው ነው። ስለዚህ ፊልጵስዩስን ቁጥሩን ደብቄ አነበብኩት። ደብዳቤ ሆነ! አንድ የታሰረ ሰው ለሚወዳቸው ሰዎች የጻፈው ደብዳቤ። ስለ ታመመው ስለ አፍሮዲጡ ሲጨነቅ፣ ሁለት የተጣሉ ሴቶችን በስማቸው ጠርቶ ታረቁ ሲል፣ ስለላኩለት ነገር ሲያመሰግን። በፊት "ሁሉን እችላለሁ" የሚለውን ብቻ ነበር የማውቀው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን። ከሱ በፊት ያለው ማጣትንም ማግኘትንም ተምሬያለሁ የሚለው ንግግር ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ደግሞ የዕለቱ ጥቅስ ነው፣ ያው ጀንበር ስትጠልቅ የሚያሳይ ሥዕል ላይ ተጽፎ የሚመጣው። ኤርምያስ 29፥11 በአሥር ወር ውስጥ ብዙ ጊዜ መጥቶልኛል፣ ስለ እናንተ የማስባት የሰላም አሳብ የሚለው። ቁጥር 10 ግን አንድም ቀን አልመጣም። ቁጥር 10 ባቢሎን ውስጥ ሰባ ዓመት ከተፈጸመ በኋላ ነው የሚለው። ሼር አይደረግማ! እኔም ሼር አድርጌ አላውቅም። ግን ሥራ ያጣ ወንድም የቁጥር 11ን ሥዕል ብቻ ልኬለት "አሜን" ብሎኝ ከዚያ በኋላ ዝም ያለኝ ጊዜ አለ፣ ደውዬ ባወራው ይሻል ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጠቀሙስ? እዚህ ላይ ከራሴ ጋር እጣላለሁ። ፓስተሩ "እንግለጥ" ሲል በፊት የወረቀት ድምፅ ይሰማ ነበር፣ አሁን ፊታችን በስክሪን ብርሃን ይበራል። ከኋላ የተቀመጡ ትልልቅ ሰዎች "ይሄ ልጅ ቻት ላይ ነው" ብለው ይጠረጥራሉ፣ እውነቱን ለመናገር ግማሹን ጊዜ ትክክል ናቸው። አንዴ በጸሎት መሐል የኳስ ውጤት መጥቶልኝ ዓይኔን ገልጬ አይቻለሁ፣ ቡድኔ ተሸንፎ ነበር፣ አሜን ያልኩት በሌላ ስሜት ነው። ጢሮአዳ ላይ ጳውሎስ እስከ እኩለ ሌሊት ሲሰብክ መስኮት ላይ ተቀምጦ ያሸለበው አውጤኪስ ቢያንስ እዚያው ቤት ውስጥ እያለ ነው የወደቀው። እኔ የት እንደምወድቅ አላውቅም። አፑ "የአምልኮ ሰዓት" የሚል ቁልፍ አለው፣ ስትነኩት የራሱን ማሳሰቢያ ያቆማል፣ የሌላውን ግን አያቆምም። ስልኩን ራሱን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ጽሑፉ ዳውንሎድ ከሆነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

በሌላ በኩል ደግሞ አጠገቤ የሚቀመጡ እናት አሉ። መነጽራቸውን የረሱ ቀን "እስቲ አንተ ጋ ልይ ልጄ" አሉኝ። ፊደሉን እስከ መጨረሻው አተለቅሁት፣ በአንድ ስክሪን ላይ አምስት ስድስት ቃል ብቻ ይታያል፣ እሳቸው እያነበቡ ሲጨርሱ በጣታቸው ይነኩኛል፣ እኔ እገፋዋለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መነጽራቸውን ይዘው መምጣት ያቆሙ ይመስለኛል። ቦርሳቸው ውስጥ እንዳለ አይቼዋለሁ፣ ግን ምንም አላልኳቸውም።

አሁን ወደ ቆጣሪው።

የአንድ ዓመት ፕላን ሒሳቡ ቀላል ነው። 66ቱ መጻሕፍት 1,189 ምዕራፍ አላቸው፣ ለ365 ሲካፈል በቀን ሦስት ምዕራፍና ትንሽ። አፑ ውስጥ ካሉት ፕላኖች እኔ የመረጥኩት የሮበርት መሪ መክቼይንን ነው። ስኮትላንድ፣ ደንዲ ከተማ የነበረ ወጣት መጋቢ ነው፣ በ1842 ለምእመናኑ ያዘጋጀው፣ ዓመት ሳይሞላው ገና በ29 ዓመቱ ሞተ። በቀን አራት ምዕራፍ፣ ብሉይ አንድ ጊዜ፣ አዲስ ኪዳንና መዝሙር ሁለት ጊዜ። ቆንጆ ፕላን ነው፣ አራቱ ምዕራፎች አንዳንድ ቀን እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ ይመስላሉ። ግን መክቼይን ሠንጠረዡን ሲያወጣ ከጥቅሙ በፊት አደጋዎቹን ነበር የዘረዘረው። ንባቡ ልማድ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ድርሻዬን ጨረስኩ ብሎ ራስን ማጽደቅ ይመጣል፣ እያሳለፉ ማንበብ ይመጣል፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ከአቅም በላይ የሆነ ቀንበር ይሆናል ብሎ። አፑ ፕላኑን ወስዶ ማስጠንቀቂያውን ትቶታል፣ በምትኩ እሳት የምትመስል ምልክትና ቁጥር አስገብቷል።

እኔ ራሴ በ143ቱ ቀን ውስጥ ምን ያህሉን በትክክል እንዳነበብኩ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ከእኩለ ሌሊት አምስት ደቂቃ ሲቀረው አልጋ ውስጥ ሆኜ አራት ምዕራፍ በጣቴ ወደ ላይ እየገፋሁ "ጨርሻለሁ" የሚለውን የተጫንኩባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። አፑ እነዚያን ሁሉ ቆጥሮልኛል። የሆስፒታሉን ነው ያልቆጠረው።

"ከጓደኛ ጋር አንብብ" የሚለው ደግሞ ይብሳል። የሐሙስ ህብረታችን ሰባት ሰው ነን፣ ሁላችንም ገባንበት፣ የየአንዳንዳችን መስመር ለሁሉም ይታያል። የሄደ አረንጓዴ፣ የቀረ ግራጫ። ሁለት ሳምንት በጣም ደስ አለን። ከዚያ አንዷ እህታችን ከህብረቱ ቀረች። ሕፃን ልጅ አላት፣ ልጁ አስቸግሯት ነው አልን። ሦስተኛው ሐሙስ ላይ ሁለታችን ቤቷ ሄድን።

"ምን ብዬ ልምጣ?" አለችን። "ሁላችሁም ታዩታላችሁ እኮ።"

ስልኳን አሳየችን። አፑ "19 ቀን ወደ ኋላ ቀርተሻል፣ ጓደኞችሽ እየጠበቁሽ ነው" ይላታል። እኛ መቼ ጠበቅናት? እውነቱ የሚያሳፍረው እሱ ነው፣ የሷን መስመር ማናችንም አላየነውም ነበር። ሁላችንም የምናየው የራሳችንን ነው። አፑ በኛ ስም እየወቀሳት፣ እኛ ግን አንዴም አልደወልንላትም።

ዮስጢኖስ ትዝ ያለኝ ከዚያ ቤት ስወጣ ነው። ያልመጣ ሰው ድርሻው እቤቱ ይላክለት ነበር። እኛ የላክንላት የቀረባትን ቀን ብዛት ነው።

ከዚያ በኋላ ፕላኑን ተውነው፣ ህብረቱን እሷ ቤት አዛወርነው። አንድ ሰው ያነባል፣ ሌሎቻችን እንሰማለን፣ ልጁ ሲያለቅስ ቆም እንላለን። አንድ ሐሙስ 1 ቆሮንቶስ 13 ላይ ደረስን። አንባቢው "በደልን አይቆጥርም" ሲል እሷ ልጁን እያወዛወዘች "አፑ ግን ይቆጥራል" አለች፣ እና ሁላችንም ለረጅም ጊዜ ሳቅን። ቆጣሪውን ያጠፋሁት ያን ማታ ነው። አጠፋፉን ለምትፈልጉ፦ ሴቲንግ፣ ከዚያ ማሳሰቢያዎች፣ ከዚያ "ዕድገት" የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ሦስቱንም አጥፉ፣ አንዱን ብቻ ካጠፋችሁ ከአፕዴት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። እኔ ጋ ሁለቴ ተመልሶ መጥቷል። ካጠፋሁት ወዲህ ያነበብኩት ይቀንሳል፣ አልደብቅም። አንዳንድ ቀን ምንም አላነብም፣ ሲርበኝ አነባለሁ። ይሄ ለሁሉም ሰው ይሠራል አልልም፣ ቆጣሪው ባይኖር መጽሐፍ ቅዱስን ገልጬ አላውቅም ነበር ያለኝ ወጣት አለ፣ አምነዋለሁ።

ኮከቡን ስሰጥ፣ ለድምፁና ቁጥር ለመደበቁ አምስት፣ ለፍለጋው ሁለት፣ ለቆጣሪው አንድ፣ በአማካይ ሦስት ብያለሁ። አውርዱት። ዳውንሎድ ካደረጋችሁት በኋላ መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ግቡ።

አንድ ነገር ረስቼ፣ የጸሎት ዝርዝሩን። የምትጸልዩላቸውን ሰዎች ስም ትጽፋላችሁ፣ በየቀኑ አንድ ሁለቱን ያስታውሳችኋል። ይሄ በጣም ጠቅሞኛል፣ "እጸልይልሃለሁ" ብዬ ከምረሳቸው ሰዎች ቁጥር ቀንሶልኛል። በያንዳንዱ ስም ጎን ሁለት ቁልፍ አለ፣ "ተመልሷል" እና "ሰርዝ" የሚሉ። "ተመልሷል"ን ስትጫኑ ባለቀለም ወረቀት ስክሪኑ ላይ ይበተናል።

ጋሼ ከዚያ ሌሊት በኋላ ሃያ ሁለት ቀን ቆዩ። ካረፉ ከሳምንት በኋላ አፑ እንደ ልማዱ ስማቸውን አወጣልኝ፣ ከሥሩ "ለጤናቸው" ብዬ የጻፍኩት አለ። ጣቴን ወደ አንዱ ቁልፍ አደረግሁ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ሁለቱንም መጫን አልቻልኩም። ለአፑ ባለቤቶች ሦስተኛ ቁልፍ ቢኖር ብዬ ጻፍኩላቸው፣ ምን ተብሎ ይጻፍበት እንደሆነ ግን እኔም አልነገርኳቸውም። "አስተያየትዎ ደርሶናል፣ አገልግሎታችንን ከ1 እስከ 5 ይመዝኑ" የሚል መልስ መጣልኝ።

ስማቸው አሁንም ዝርዝሩ ላይ አለ። ማክሰኞ ማክሰኞ ይወጣል፣ እኔም ያቺን የተራራዋን አነብና እዘጋዋለሁ።